የኮምፒዩተርን የግራፊክስ ካርድ ስለ መለወጥ

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍለት ያሰብነው ጕዳይ ለአንዳንዶቻችኹ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችኹ ይኾናል። እኛም አስቀድመን እንደዚያው አድርገን ቈጥረነው ስለ ነበረ አንወቅሳችኹም። ጕዳዩም በቤት የሚገኝ የጌም መጫወቻ ኮምፒዩተር የግራፊክስ ካርዱ ያረጀ እንደ ኾነ፥ በአዲስ መለወጥ ይገባል ወይስ ባለው መቈየት ይሻላል የሚል ነው። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ ዛሬ ባይመጣ ነገ መምጣቱ አይቀርምና፥ በእኛ ቤት የኾነውን ኹሉ ሳንሸሽግ ልንነግራችኹ ወደድን።

ነገሩ የተነሣው በ2017 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ነው። በአሜሪካ አገር በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የባለቤታችን ወንድም እንኳን አደረሳችኹ ለማለት ስልክ ደውሎ፥ ለእኅቱ ልጆች የበዓል ስጦታ የሚኾን 300 ዶላር እንዳሰበ፥ ገንዘቡ ይላክ ወይስ ዕቃ ተገዝቶበት በሰው ይምጣ ብሎ ጠየቀ። ልጆቻችን ኹለት ናቸው። ሴቷ ታላቅ ስትኾን የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ተማሪ ናት፤ ወንዱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስልኩ ገና ሳይዘጋ ወንዱ ተነሥቶ፥ «አባባ፥ ጋሼ የግራፊክስ ካርድ ይግዛልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለ። ታላቂቱ ግን የቡናውን ስኒ ታነሣ ነበርና ምንም አልተናገረችም። እኛም ዝምታዋን ልብ አላልነውም።

ኮምፒዩተሩ በ2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ዕቃ ዕቃው ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5 7400፥ የግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ይባላል። ይህ ካርድ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 የወጣ ሲኾን (ከዚህ በኋላ ስለ ኩባንያዎቹ ሥራ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) መነሻ ዋጋው 249 ዶላር ነበረ፤ ብዙ ዓመትም በዓለም ላይ ባሉ ተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የተለመደ ኾኖ ኖሯል።

የግራፊክስ ካርድ ምን እንደ ኾነ ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ እንግለጥ። በኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮሰሰሩ እንደ ጥቂት ሊቃውንት ነው፤ አስቸጋሪውን ነገር ኹሉ ተራ በተራ ይመረምራል። የእኛው አራት ሊቃውንት ብቻ አሉት። የግራፊክስ ካርድ ግን እንደ ደቦ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያውቀው ቀላል ሒሳብ ቢኾንም፥ ብዛታቸው የበረታ ስለ ኾነ ሰፊውን እርሻ ባንድ ጊዜ ያጭዱታል። በጂቲኤክስ 1060 ውስጥ እንዲህ ያሉ 1280 ሠራተኞች አሉ። እርሻውም ሞኒተሩ ነው። የተለመደው ሞኒተር ወርዱ 1920፥ ቁመቱ 1080 ነጥብ ነውና፥ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይኾናል። ሥዕሉ በዐይን ሳይቈራረጥ እንዲታይ በሰከንድ 60 ጊዜ መሣል አለበት፤ ስለዚህ አንድ ሰከንድ በ1000 ቢከፈል ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ 17 እጅ አይሞላም። በዚህች ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደ ቆመ፥ ጥይቱ ወዴት እንደ ሄደ ወስኖ ለካርዱ ያዝዛል፤ ካርዱም ይሥላል። ሊቃውንቱ ትእዛዙን ያዘገዩ እንደ ኾነ ደቦው ማጭዱን ይዞ ቁጭ ይላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

«ጂፒዩ» የሚለውን ስም በሰፊው ያስለመደው በ1993 የተቋቋመው ኤንቪዲያ ነው፤ ይኸውም በ1999 ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ ባወጣ ጊዜ ነው። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይ የተባለውን የካናዳ ኩባንያ ገዝቶ ወደዚህ ንግድ ገባ፤ ኢንቴልም በ2022 አርክ የሚባሉትን ካርዶች ይዞ መጣ። ለገዢ ሦስት ነጋዴ መኖሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የስሙና የቍጥሩ ብዛት ገበያተኛውን ያደናግራል።

እኛ መዠመሪያ የሰጠነው መልስ «አይኾንም» የሚል ነበረ። ለዚህም ምክንያት ነበረን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አስቀድሞ 57 ብር ከሳንቲም ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያ በፋሲካ ሰሞን ከ130 ብር በላይ ደርሶ ነበር። በፊት ቢኾን 17,000 ብር ያህል የሚኾነው 300 ዶላር አሁን 39,000 ብር ይኾናል። ቤታችን ደግሞ በጓዳው በኩል ጣራው ያፈስሳል፤ ክረምቱም ከኹለት ወር በኋላ ነው። በ39,000 ብር ቆርቆሮ ሊገዛ ሲቻል፥ በምናብ ከሚገደል ጠላት ጋር ለመዋጋት ካርድ መግዛት የማይታሰብ መሰለን።

ደግሞም ከዚህ ቀደም የቀመስነው ነገር ነበረ። ኢቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ በ2022 በሴፕቴምበር ወር አሠራሩን ለውጦ የግራፊክስ ካርድ የማያስፈልገው በኾነ ጊዜ፥ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ይሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ወጡ። እኛም በ2015 ዓ.ም. ከአንድ ነጋዴ «ትንሽ ጊዜ ብቻ የተሠራበት ነው» ተብሎልን አንድ አሮጌ ካርድ ገዛን። ሣጥኑ አዲስ፥ መልኩም ንጹሕ ነበረ። በሦስተኛው ወር ፋኑ እንደ ወፍጮ መጮኽ ጀመረ፤ በአራተኛው ወር ሞኒተሩ ጨለመ። የፈታው ባለሙያ ሙቀት የሚያስተላልፈው ስስ ላስቲክ ደርቆ እንደ ተፈረፈረ፥ ቅባቱም ወጥቶ በሰሌዳው ላይ እንደ ፈሰሰ አሳየን። ነጋዴውን ሄደን ብንጠይቀው ዋስትና እንዳልሰጠን አስታወሰን፤ እውነትም በጽሑፍ አልተቀበልንም ነበር። በደላላና በውል መካከል ስንት ሰነድ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ለራሳችን አንዲት ደረሰኝ ሳንይዝ መቅረታችን ዛሬም ያሳፍረናል። ይህን የምንናገረው አሮጌ ካርድ ኹሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ በደንብ ቀዝቅዞ የኖረ ካርድ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን በዐይን ፊት አንድ ሰዓት ያህል በከባድ ጌም ተፈትኖ ሙቀቱ ሳይታይ፥ ሻጩም በፊርማው የመመለሻ ቀን ሳይሰጥ፥ ማንም ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ልጃችን ግን የሚለቅ አልኾነም። በ2024 በዲሴምበር ወር የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» የተባለው ጌም በአሮጌው ካርድ ፈጽሞ እንደማይከፈት ነገረን። ይህም እውነት ነው። ከ2018 ወዲህ አርቲኤክስ በሚል ስም በወጡት ካርዶች ላይ የብርሃንን ጨረር አንድ በአንድ ተከትሎ የሚያሰላ ልዩ ክፍል ተጨምሯል፤ ይህ ጌም ያንን ክፍል ወይም በሌሎቹ ኩባንያዎች ካርድ ላይ ያለውን መሰሉን የግድ ይሻል። ኹለተኛም ከጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ የሚጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2 በጭንቅ ሰዓት እየተንቀጠቀጠ እንደሚያስቸግረው አመለከተ።

በዚህ ጊዜ ባለቤታችን ገብተው፥ «እርስዎ ምስክር ሳይሰማ የተፈረደ ፍርድ ያዩ ቀን ራት አይበሉም፤ ለልጅዎ ግን ሳይመረምሩ ይፈርዱበታል። ኮምፒዩተሩ ይታይና ከዚያ በኋላ የሚከለክሉትን ይከልክሉ» አሉን። የሚመለስ ነገር አላገኘንም።

የአንድ ወዳጃችን የወንድም ልጅ ኮምፒዩተር በመጠገን የሚተዳደር ነውና፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ያደረገውን ፈተና አንባብያን በየቤታቸው ሊያደርጉት ስለሚችሉ በዝርዝር እንጽፈዋለን። አስቀድሞ ልጁ ካውንተር ስትራይክን እየተጫወተ ሳለ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ መስኮት ከፍቶ ፕሮሰሰሩና ካርዱ እያንዳንዳቸው ከመቶ ስንት እንደሚሠሩ አሳየን። ፕሮሰሰሩ 100 ከመቶ ደርሶ ሲጨነቅ ካርዱ 55 ከመቶ ገደማ ላይ ነበረ። ከዚያም የሥዕሉን ስፋት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አደረገው። ለካርዱ የቀረበለት እርሻ ከግማሽ በታች ኾነ ማለት ነው። ካርዱ ደካማው ወገን ቢኾን ኖሮ በሰከንድ የሚሣለው የሥዕል ቍጥር ወዲያው በጨመረ ነበር። ዳሩ ግን ቍጥሩ ንቅንቅ አላለም። ባለሙያውም ወደ ልጃችን ዞሮ፥ «ለዚህ ጌም ሲባል ዓለም ያፈራውን ውድ ካርድ ብትገዛ የምታገኘው ይህንኑ ነው» አለው። ደቦው ማጭዱን ይዞ ትእዛዝ እየጠበቀ ነበረና።

ቀጥሎ በ2020 የወጣውን ሳይበርፐንክ 2077 ከፈተ። በዚህኛው ነገሩ ተገለበጠ፤ ካርዱ 99 ከመቶ፥ ፕሮሰሰሩ ግን ከዚያ ያነሰ ኾነ። የሥዕሉ ስፋት ዝቅ ሲል ቍጥሩ ወዲያው ከፍ አለ። እንግዲህ በአንዱ ኮምፒዩተር፥ በአንዱ ካርድ፥ በአንድ ቀን ኹለት የተለያየ መልስ ተገኘ። «ካርዱ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ» ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ መልስ የሚጠፋው ስለዚህ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ኾነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሣጥኑ በተከፈተ ጊዜ ሌላም ነገር ተገኘ። ራሙ ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ነጠላ ዘንግ ነው፤ ማዘርቦርዱ ግን ኹለት ዘንግ ጐን ለጐን ቢገባበት በኹለት መንገድ ባንድ ጊዜ ይቀበላል። ስምንት ዓመት ያህል አንዱ መንገድ ባዶውን ኖሯል። ለመንቀጥቀጡ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበረ። አቧራውስ ለመናገር ያሳፍራል፤ በካርዱ ፋን ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። ይህ ካርድ ሙቀቱ ወደ 83 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፤ ስለዚህ በበጋ አቧራ የታፈነ ካርድ ያረጀ መስሎ ይታያል እንጂ የታመመው በአቧራ ነው። ባለሙያው ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፥ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቱ ይዞ፥ በለስላሳ ብሩሽ ጠረገው። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ስለሚያስገባ እንደማይገባም ነገረን። የአንድ ጐረቤታችንን ታሪክ ያጫወተንም ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ውድ ካርድ ገዝቶ አስገብቶ ምንም ለውጥ ስላላየ ነጋዴውን ሌባ ብሎ ሊከስስ ተነሥቶ ነበር፤ ኋላ ቢታይ የሞኒተሩን ገመድ የሰካው ከካርዱ ላይ ሳይኾን ከማዘርቦርዱ ላይ ኖሯል። ካርዱ ኹለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

እስከዚህ ድረስ የተገኘው ማስረጃ ለእኛ ይረዳ ነበረና ደስ ብሎናል፤ ትንሽ ራምና አንድ ብሩሽ በቂ ነው ብለን ፍርዱን ልናነብብ ተዘጋጅተን ነበር። ባለሙያው ግን በመዝገቡ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አየ። ኮምፒዩተሩ እጅግ የሚግለው በጌም ሰዓት ሳይኾን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነበረ። «በዚህ ሰዓት የሚጫወተው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንዱ ልጃችን፥ «እኔ እተኛለኹ፤ እርሷ ናት» አለ።

ሴቷ ልጃችን ተጠርታ መጣች። ለትምህርቷ የምትነድፋቸውን ሕንፃዎች ብሌንደር በሚባለው፥ ያለ ክፍያ በሚገኘው ፕሮግራም ሠርታ፥ ብርሃኑና ጥላው እንደ እውነተኛ ፎቶግራፍ ኾኖ እንዲወጣ ሌሊት ሌሊት ሬንደር ታደርጋለች። አንዱ ሥዕል 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለአንድ ሥራ ስምንት ሥዕል ይፈለጋል። ወንድሟ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲለቅላት ጀምራ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ትጠብቃለች ማለት ነው። መሐል ላይ መብራት የጠፋ እንደ ኾነ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ የቀሩት ሥዕሎች ሳይሠሩ ያድራሉ፤ እርሷም ይህን ፈርታ አትተኛም። በዚያ ወሰነ ትምህርት የያዘችው ሥራ የሕፃናት ማንበቢያ ቤት ነበረ። በግቢው ውስጥ ጽድና ግራር ተክላበት ነበርና፥ የካርዱ 6 ጊጋባይት ማኅደር አልበቃ ብሎ ፕሮግራሙ «ቦታ የለኝም» እያለ ስለ ተወ፥ ዛፎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጨረሰቻቸው። መምህሯም ሥዕሉን አይተው፥ «ግቢው ለምን ምድረ በዳ ኾነ?» ብለው ነጥብ ቀነሱባት።

ይህን ኹሉ ወር ለምን እንዳልነገረችን ጠየቅናት። «ኮምፒዩተሩ ለእርሱ ጌም ተብሎ የተገዛ ነው፤ ደግሞም አባባ፥ ስለ ጣራው ሲያስቡ እሰማለኹ» አለች። ከዚህ የበለጠ አልተናገረችም። ወንድሟ ጫማውን ጫማውን ያይ ነበር። እኛም የኹለት ወገን ቃል ሳይደመጥ ነገር እንደማይቈረጥ ሌላውን ስናስተምር የኖርን ሰዎች፥ በገዛ ቤታችን የጮኸውን ብቻ ሰምተን ዝም ያለችውን ሳንጠይቅ ልንፈርድ እንደ ነበረ ባየን ጊዜ፥ ለጥቂት ጊዜ ወጥተን በደጅ ቆምን።

ተመልሰን ስንገባ ባለሙያው የእርሷን ሥራ መፈተን ጀምሮ ነበር። ካርዱ 100 ከመቶ፥ ፕሮሰሰሩ ግን ያንቀላፋ ይመስላል። እንዲህ ባለው ሥራ ሊቃውንቱ አንድ ጊዜ ያዝዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት የሚሠራው ደቦው ብቻ ነው። ስለዚህ ለወንድሟ ጌም የማይረባው አዲስ ካርድ ለእርሷ ሌሊቷን ኹሉ ይመልስላታል። ያ የብርሃንን ጨረር የሚያሰላው ልዩ ክፍልም ብሌንደር የሚጠቀምበት ነው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይገዛ ወይስ አይገዛ መኾኑ ቀርቶ የትኛው ይገዛ ወደሚል ዞረ፤ ሰንጠረዡም በጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ወንዱ ልጃችን አስቀድሞ የመረጠው በ2023 በ299 ዶላር የወጣውን አርቲኤክስ 4060 ነበረ። ፈጣን ነው፤ የሚበላውም ኤሌክትሪክ 115 ዋት ብቻ ስለ ኾነ የሚመሰገን ነው፤ ማኅደሩ ግን 8 ጊጋባይት ነው። በ2021 በ329 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 3060 በጌም ከእርሱ ጥቂት ቢዘገይም 12 ጊጋባይት ይዟል። ፍጥነት ያነሰው ካርድ ሥራውን ዘግይቶ ይጨርሳል፤ ማኅደር ያነሰው ግን ጭራሽ እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ለዛፎቹ ሲባል 12 ጊጋባይቱ ተመረጠ። ኢንቴል በ2024 መጨረሻ በ249 ዶላር ያወጣው አርክ ቢ580 ደግሞ 12 ጊጋባይት ይዞ ከኹሉ ርካሽ ስለ ኾነ ለጊዜው አማልሎን ነበር። ነገር ግን ይህ ካርድ በአሮጌ ፕሮሰሰርና በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲገባ ኀይሉን እንደሚያጣ ባለሙያው አስጠነቀቀን፤ እንደ እኛ ላለው ኮምፒዩተር ርካሹ ውድ ይኾናል። የኤኤምዲ ካርዶችም ለጌም መልካም ናቸው፤ ለብሌንደር ግን በእኛ ገንዘብ ልክ የኤንቪዲያን ያህል አይሄዱም።

እዚህ ላይ ገዢ የኾነ ሰው ኹሉ እንዲጠነቀቅ የምንነግረው ነገር አለ። አርቲኤክስ 3060 ተብሎ 8 ጊጋባይት ብቻ የያዘ ሌላ ካርድም በ2022 ወጥቷል፤ ስሙ አንድ፥ ሣጥኑም የሚመሳሰል ኾኖ በሥራው ግን ያንሳል። በጂቲኤክስ 1060 ዘመንም ባለ 3 ጊጋባይት የኾነ ደካማ መንታ ነበረው። ስለዚህ ለባለቤታችን ወንድም መልእክቱን ስንጽፍ «12 ጊጋባይት» የሚለውን ኹለት ጊዜ ደጋግመን ጻፍነው።

ካርዱ ብቻውን አይገባም። አዲሱ 170 ዋት ይበላል፤ ኤንቪዲያም ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። የእኛው 400 ዋት የተጻፈበት፥ የሠሪው ስም እንኳ በውል የማይነበብ ሲኾን፥ ለካርዱ የሚያቀብለው ገመድም ባለ ስድስት ጥርስ ነበረ፤ አዲሱ ባለ ስምንት ጥርስ ይሻል። በገበያ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ርካሽ ማገናኛ ይሸጣል፤ ባለሙያው ግን «ቤትዎን ከወደዱ አይግዙ» አለን። በታወቀ ኩባንያ እንኳ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ በ2022 ታይቷል፤ 450 ዋት በሚበላው አርቲኤክስ 4090 ላይ በሚገባ ያልተሰካ ማገናኛ እየቀለጠ ብዙ ሰው አቤት ብሏል። የእኛ ከዚያ የራቀ ነው፤ ቢኾንም ፓወር ሰፕላዩን መለወጥ ግዴታ ኾነ። የሣጥኑ ውስጥ ርዝመትም በሜትር ተለካ። መብራት በድንገት ሲመለስ ኀይሉ እየዘለለ ዕቃ ስለሚያቃጥል፥ አስቀድሞ ለፍሪጁ ገዝተነው የነበረው ስታቢላይዘር ለኮምፒዩተሩ ተላለፈ። ባለቤታችን በዚህ እስካሁን አልተደሰቱም።

ወጪው እንዲህ ተከፈለ፤ ካርዱ ከአጎታቸው ስጦታ፥ ፓወር ሰፕላዩና ኹለተኛው የራም ዘንግ ከእኛ ኪስ። ጣራው በሙሉ መለወጡ ቀርቶ የሚያፈስሱት ቆርቆሮዎች ብቻ ተነሥተው በሌላ ተተኩ። እርግጥ ነው፥ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ዕቃ መጨመር በቀዳዳ ማድጋ ውኃ መቅዳት እንዳይኾን አስበናል። ይኸው አይ5 7400 በዊንዶውስ 11 ዘንድ ተቀባይነት የሌለው ሲኾን፥ የዊንዶውስ 10 ጥበቃም በ2025 ኦክቶበር 14 እንደሚያበቃ አስቀድሞ የታወቀ ነበረ፤ አብቅቷልም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ በቅርብ ዓመት መለወጣቸው አይቀርም። ዳሩ ግን ካርዱም ፓወር ሰፕላዩም ያን ጊዜ ወደ አዲሱ ሣጥን ተነቅለው የሚሄዱ ናቸውና ገንዘቡ አይባክንም። ይህ የሚቻለው ግን በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ የላፕቶፕ የግራፊክስ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለ ኾነ፥ ልጁ «ይለወጥልኝ» ቢል የሚለወጠው ላፕቶፑ ራሱ ነው።

ወንዱ ልጃችን «ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ነበርኹ» ብሎ ለኹለት ቀን አኵርፎ ነበር። እርሱንም መስማት ይገባ ነበርና ሰማነው። እውነቱን ለመናገር ያለ እርሱ ጩኸት ኮምፒዩተሩ ባልተመረመረ ነበር። እኅቱ ሥራዋን እስክታስረክብ ድረስ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ የእርሷ፥ ከዚያ በፊት ግን ትምህርቱን አጥንቶ ከጨረሰ የእርሱ እንዲኾን ተስማሙ። ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርገን ኹለቱንም አስፈረምን፤ በዚህ ሳቁብን።

የቤቱ ኹሉ ሥራ ካውንተር ስትራይክንና መሰሉን መጫወት ብቻ የኾነ፥ ካርዱም የእኛን ያህል የኾነ ቤተ ሰብ ግን ካርዱን ባይለውጥ እንመክራለን፤ አቧራውን ይጥረግ፥ ራሙን ይመልከት፥ ገመዱን ይፈትሽ። ሥዕሉ የከበደውን ጌም ለሚወድም ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር የሚባል ዘዴ አለ፤ ሥዕሉን በትንሹ ሠርቶ ወደ ትልቁ የሚያሳድግ ሲኾን፥ ጌሙ ከተቀበለው በተፎካካሪው አሮጌ ካርድ ላይ እንኳ ይሠራል፤ ዋጋም የለውም። ይኹን እንጂ ኤንቪዲያ ለ1060 ዘመን ካርዶች አዳዲስ ጌም የሚያስተናግደውን ፕሮግራም ማውጣቱን በ2025 በኦክቶበር ስላቆመ፥ ከዚህ በኋላ የሚወጣላቸው የደኅንነት ጥገና ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ የመሰናበቻ ጊዜውን ቢያስብ መልካም ነው።

ካርዱ በሰኔ መዠመሪያ ሳምንት በአንዲት ዘመዳችን ሻንጣ፥ በኹለት ሹራብ ተጠቅልሎ ደረሰ። ሣጥኑን ስንከፍት አስቀድመን ያየነው ቍጥሩን ነው፤ 12 ይላል። ከፍሬው ስንጀምር፥ 50 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥዕል በ11 ደቂቃ ገደማ አለቀ። ኢንዲያና ጆንስም ተከፈተ። ካውንተር ስትራይክ ግን ባለሙያው እንደ ተናገረው ከካርዱ ምንም አላገኘም፤ መንቀጥቀጡን የቀነሰው ኹለተኛው የራም ዘንግ ነበረ፤ ልጁም ይህን ራሱ ለክቶ መጥቶ ነገረን። አሮጌው 1060 ካርድ አልተሸጠም፤ የግራፊክስ ካርድ ለሌለው ለእኅታችን ልጅ ኮምፒዩተር ተሰጠ።

ልጃችን የማንበቢያ ቤቱን ባስረከበችበት ዋዜማ፥ ጽዱንም ግራሩንም መልሳ ተክላ ስምንቱን ሥዕል ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምራ 4 ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰች። በክፍሏ በኩል ስናልፍ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ወንድሟ ግን በደጃችን ቆሞ፥ እርሷ ቶሎ ስለ ጨረሰች የቀረው ሰዓት ለማን እንደሚኾን በተፈረመው ስምምነት ላይ እንዳልተጻፈ ያመለክት ነበር።